ብሬድ ክር ለስፒኒንግና ለካስቲንግ ዘንግ፦ ከጎንደር እስከ ጎርጎራ የሥራ ማስታወሻ

ሰኔ ማለቂያ

ሁለት ዘንግ አለኝ። አንዱ ስፒኒንግ ነው፣ ሪሉ (ክር ማጠንጠኛው) ከዘንጉ ስር ሚንጠለጠለው፣ ብዙ ሰው ሚያውቀው። ሁለተኛው ካስቲንግ ነው፣ ሪሉ ከላይ ሚቀመጥ፣ ስትወረውር ስፑሉ (ክሩ ሚጠቀለልበት) ራሱ ሚሽከረከር። ሁለቱም ላይ ያለው ናይለን ክር ከርሟል፣ ሲፈታ የስፑሉን ቅርጽ እንደያዘ እየተጠቀለለ ይወርዳል እንጂ ቀጥ አይልም። በዚህ ክረምት ሁለቱንም ወደ ብሬድ፣ ወደ ተጎነጎነ ክር፣ ልቀይር ነው፣ ስሠራም እዚሁ እየጻፍኩ እሄዳለሁ።

ስለ ክር ሳወራ መጀመሪያ ሚመጣው ጥያቄ ሁሌ «ስንት ኪሎ ይይዛል?» ነው። ጥያቄው መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ግን ከጎርጎራ ዳርቻ ቆሞ በዘንግ ሚያጠምድ ሰው ከኪሎው በፊት ሚያስጨንቀው ሌላ ነገር አለ፣ ውፍረቱ። ክሩ ከሪሉ እንዴት ይወጣል፣ ስፑሉ ላይ እንዴት ይተኛል፣ ቋጠሮው ይይዛል ወይስ ይንሸራተታል፣ ይሄ ሁሉ ሚወሰነው በውፍረቱና በአጎነጓኑ ነው። እኔም ምርጫዬን ከዛ ነው ምጀምረው።

ለምን በክረምት ካላችሁ፣ ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ በክረምት የጣና ውሃ ከየወንዙ በሚገባው ደለል ይደፈርሳል፣ ለሉር (አሳ ለሚያታልል ሰው ሠራሽ ማጥመጃ) አይመችም። ሁለተኛውና ዋናው፣ ባርበስ የሚባለው ነጭ አሳ ከሐምሌ ጀምሮ እንቁላሉን ሊጥል እንደ መገጭና ድርማ ወዳሉት ወንዞች ይወጣል፣ ወንዝ አፍ ላይ ተሰብስቦ ሲገኝ መያዙ ቀላል ነው፣ ቀላል በመሆኑም ነው የተጎዳው። የጣና ባርበሶች እኮ ብዙዎቹ ዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። እ.ኤ.አ. በ1986 በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ ማጥመድ ከተጀመረ ወዲህ ቁጥራቸው ክፉኛ ነው የወረደው። ስለዚህ እስከ ጥቅምት ዘንጌ ቤት ይቀመጣል፣ ሥራው ጓሮ ውስጥ ነው።

ሐምሌ መጀመሪያ

ጠረጴዛዬ ላይ አሁን ሦስት ጥቅል ክር አለ። አንዱ ከአዲስ አበባ የመጣ ርካሽ ብሬድ ነው፣ ስሙን ልተወው፣ ላዩ ላይ 40 ፓውንድ (ሚይዘው ክብደት)፣ 0.20 ሚሊሜትር (ውፍረቱ) ይላል። ሁለተኛው ያጎቴ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ ያመጣልኝ ባለ 8 ብጫ ክር፣ 10 ፓውንድ። ሦስተኛው ፓወርፕሮ የሚባል ብራንድ ባለ 4፣ አረንጓዴ፣ 50 ፓውንድ። ከዛ ሌላ ጓደኛዬ ሪል ላይ ያለ ፓወርፕሮ 20 ፓውንድ ለማነጻጸሪያ ትንሽ ቆርጬ ወስጃለሁ (እያጉረመረመም ቢሆን ሰጥቶኛል)።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፣ ብሬድ ማለት በጣም ቀጫጭን የፖሊኢትሊን ፈትሎች ልክ እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው ሚሠራ ክር ነው። ፈትሉ ዳይኒማ ወይም ስፔክትራ በሚል የንግድ ስም ይሸጣል፣ የመጀመሪያው ከሆላንድ ሁለተኛው ካሜሪካ የመጣ ስም ነው፣ በጠባዩ ግን አንድ ዓይነት ነገር ነው፣ ጥይት መከላከያ ልብስም ይሠራበታል። አራት ፈትል ሲጎነጎን ባለ 4 ይባላል፣ ስምንት ሲሆን ባለ 8። ባለ 8 ክብና ለስላሳ ይሆናል፣ በዘንጉ ቀለበቶች ሲያልፍ ድምፅ አያሰማም፣ ርቆም ይወረወራል። ባለ 4 ሻከር ይላል፣ ሲጎተት ዚዝ ይላል፣ ግን እያንዳንዱ ፈትል ወፈር ያለ ስለሆነ ድንጋይ ሲነካው ቶሎ አይላጭም፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ሱፊክስ 832 የሚባለው ደሞ ሰባቱ ፈትል ዳይኒማ ሆኖ ስምንተኛው ጎር የተባለ ሌላ ፈትል ነው፣ ሰው ሲያመሰግነው እሰማለሁ፣ እጄ ላይ ግን የለም።

ከናይለን ሚለይበት ሦስት ነገር ልብ በሉ፣ ኋላ ሁሉም ይመጣሉ። አንድ፣ አይለጠጥም። ናይለን ከመበጠሱ በፊት ከ20 እስከ 30 ፐርሰንት ይለጠጣል፣ ብሬድ 4 ፐርሰንት ገደማ ብቻ፣ ለዛ ነው 40 ሜትር ርቀት ላይ አሳው መንጠቆውን በከንፈሩ ሲነካ ጣትህ ላይ ሚሰማህ። ሁለት፣ ከውሃ ይቀላል፣ ይንሳፈፋል። ሦስት፣ ሙቀት አይችልም፣ 150 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቀልጣል፣ ናይለን ግን ከ200 በላይ ይፈልጋል። ይሄ ሦስተኛው ተራ ነገር ይመስላል፣ ግን ቋጠሮ ስታጠብቅ ሳታርሰው ከጎተትከው ሰበቃው ራሱ ነው ክሩን ሚገድለው።

ሐምሌ፣ ዝናብ ባባራበት ቀን

ውፍረት ለካሁ። ማይክሮሜትር የለኝም፣ አያስፈልግምም። እርሳስ ላይ ክሩን ጥግ ለጥግ አስጠግቶ 40 ዙር መጠምጠም፣ ከዛ የተጠመጠመውን ስፋት በማስመሪያ ለክቶ ለ40 ማካፈል። ዙሩ መደራረብ የለበትም፣ መሃሉ ላይ ክፍተትም መኖር የለበትም፣ በጥፍር እየገፋህ ታስጠጋዋለህ። ብሬድ ሲጫኑት ጠፍጠፍ ስለሚል ልኬቱ እንቅጩን አይደለም ግን ውሸታም ለመያዝ ይበቃል።

ፓወርፕሮ 20 ፓውንዱ ላይ የተጻፈው 0.23 ነው፣ 40 ዙሩ ከ9 ሚሊሜትር ትንሽ አለፍ አለ፣ ልክ ነው። ርካሹ ግን 0.20 እያለ 40 ዙሩ 12 ሚሊሜትር ሞላ! ማለት 0.30 ነው። የ30 ፓውንድ ፓወርፕሮ እንኳን 0.28 ነው። ያው «ቀጭን ሆኖ ጠንካራ» ለማለት ቁጥሩን በሁለቱም በኩል አሳምረውታል።

ከዛ ወደ ጥንካሬው። በረንዳችን ማገር ላይ ለስላሳ ወፍራም ዱላ አስሬ፣ ከሱ ክሩን አንጠልጥዬ፣ ታች 20 ሊትር ጀሪካን። ባዶው ጀሪካን ሱቅ ሚዛን ላይ አንድ ኪሎ ገደማ ነው፣ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፣ ስለዚህ በአንድ ሊትር ሃይላንድ ውሃ እየጨመርክ ትቆጥራለህ። ከስር አሮጌ ጎማ አነጠፍኩ፣ ጀሪካኑ የናቴ ነው፣ ከተሰነጠቀ ቤት አልገባም። እሷ በሩ ላይ ቆማ፦

«አንተ ልጅ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት አገር ጀሪካን ትሰቅልብኛለህ?»

«እማዬ አንድ ጠብታ አላፈስም፣ መልሼ በርሜሉ ውስጥ ነው።»

«እስቲ አያለሁ።»

አየች። የመጀመሪያው ክር ሲበጠስ ጀሪካኑ ጎማው ላይ ዘሎ ጎኑን ገለበጠና ግማሹ ጓሮ ውስጥ ፈሰሰ፣ ክዳኑን ካጠበቅኩ በኋላ ቀጠልን።

ርካሹ 40 ፓውንድ ማለት ወደ 18 ኪሎ ነው። ፓሎማር የሚባል ቋጠሮ (አሠራሩ ኋላ ይመጣል) አርጌ ስሰቅለው 11 ሳይደርስ ቋጠሮው ላይ ተበጠሰ። ደጋግሜ ሞከርኩት፣ ከዛ ብዙም አይርቅም። ያለ ቋጠሮ ሁለቱንም ጫፍ ዱላ ላይ ብዙ ዙር ጠምጥሜ ስሰቅለው ወደ 14 ሄደ። ጓደኛዬ 20 ፓውንድ ፓወርፕሮ (9 ኪሎ ላዩ ላይ ተጽፏል) ቋጠሮ ኖሮትም 9ን አልፎ ሄደ። ማለት ግማሽ የተጻፈበት ክር በተግባር ካርባው ብዙም አያንስም ማለት ነው፣ ያውም በቀጠነ ክር።

ይሄን ሳይ ርካሹን ልጥለው አሰብኩ፣ ግን 11 ኪሎ እኮ ለጣና ዳርቻ ከበቂ በላይ ነው። ጥሎ መሄድ አያስፈልግም፣ ፓውንዱን ግማሽ አርጎ ማንበብና የ0.30 ክር መሆኑን አውቆ መጠቀም ነው። እኔ ወደ ማሰሪያ፣ የጀሪካን ማንጠልጠያ ምናምን አዙሬዋለሁ፣ ሌላ ክር ባይኖረኝ ግን ካስቲንጉ ላይ አርገው ነበር።

ሐምሌ፣ ቋጠሮ

ብሬድ ያዳልጣል። ናይለን ላይ ሁላችንም ምናረገው ተራ ቋጠሮ፣ መንጠቆው ዓይን ውስጥ አስገብቶ አምስት ስድስት ጊዜ ጠምዝዞ ጫፉን በቀለበቱ መልሶ ሚጠበቀው፣ ብሬድ ላይ ቀስ እያለ ይፈታል። አይበጠስም፣ ተንሸራቶ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ የጥምዝምዙ ምልክት ብቻ ይቀራል። ክሩ ከተመለሰ በኋላ ጫፉ እንደዚህ የተጠማዘዘ ከሆነ ክሩን አትውቀሱ፣ ቋጠሮው ነው።

ፓሎማር ቀላል ነው። ክሩን እጥፍ ታረጋለህ፣ እጥፉን በመንጠቆው ዓይን ታሳልፋለህ፣ ልቅ አርገህ አንድ ጊዜ ታስራለህ፣ ከዛ መንጠቆውን በሙሉ በእጥፉ ቀለበት ውስጥ አሾልከህ በምራቅ አርሰህ ቀስ ብለህ ታጠብቃለህ። ጨለማ ውስጥም ይታሰራል። ሊደር (ከብሬዱ ጫፍ ሚቀጠል፣ መንጠቆው ሚታሰርበት አጭር ክር) ከብሬድ ጋር ለማያያዝ ደሞ ሁለት ቋጠሮ ላይ ነኝ፣ ደብል ዩኒ እና ኤፍጂ። ደብል ዩኒ ማንም ባንድ ማታ ይለምደዋል ግን ጉብታ አለው፣ በጫፉ ቀለበት ሲያልፍ ጠቅ ይላል። ኤፍጂ ብሬዱ የተወጠረው ሊደር ላይ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እየተጠላለፈ ሚሄድበት ነው፣ ሊደሩ አይታጠፍም፣ ስለዚህ ቀጭን ሆኖ ይቀራል። ክሩን በጥርስ ወጥሮ መሥራት ይጠይቃል፣ በነፋስ ላይ ደሞ ሰው ያስረግማል። ቤት አስሬ ወጣለሁ፣ ሐይቁ ላይ ከተበጠሰ ደብል ዩኒ።

ሊደሩን ፍሎሮካርቦን ላርገው ወይስ ናይለን? የፍሎሮካርቦን ትልቁ ወሬው ውሃ ውስጥ አይታይም የሚለው ነው፣ ብርሃን ሚሰብርበት መጠን 1.42 ሆኖ ከውሃው 1.33 ስለሚቀርብ። ውሃው ጠርቶ ታች ድረስ ሚታይበት ቦታ እውነት ነው። ጣና ላይ ግን ገና አንድ ክንድ ሳይወርድ ሉሩ ራሱ ሲጠፋ እያየሁ ለማይታይ ክር ብር ማውጣቱ አልተዋጠልኝም። እዚህ ሊደር ሚያስፈልገው ለድንጋዩ ነው። የጎርጎራ ዳርቻ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ የተወጠረ ብሬድ ደሞ ድንጋይ ጠርዝ ላይ አንዴ ከተፋቀ አለቀለት። ወፍራም ናይለን፣ 0.40፣ የክንድ ተኩል ያህል። ባርበስ አፉ ላይ ጥርስ የለውም፣ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ሽቦ ምናምን አያስፈልግም። አምባዛ ግን ጥቃቅን ጥርስ በረድፍ የሞላበት ሻካራ አፍ አለው፣ ቀስ እያለ ይሞርደዋል፣ ለሱ 0.50።

ነሐሴ

ክር ከመጠንጠን በፊት ቀለበቶቹን ፈተሽኩ። ብሬድ ጠንካራ ስለሆነ የተሰነጠቀ ቀለበት አይምረውም፣ ወይም ቀለበቱ እሱን አይምረውም። ከናቴ እንዝርት ጎን ጥጥ ቆንጥሬ እያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ አሾልኬ ጎተትኩት። ጥጡ ዝም ብሎ ካለፈ ደህና ነው። ካስቲንጉ ላይ ከጫፉ ሁለተኛው ቀለበት ሲደርስ አንድ ነጭ ፀጉር ጥሎ አለፈ፣ ለዓይን ምንም አይታይም፣ ፀሐይ ላይ አዙሬ ሳየው ሴራሚኩ ላይ የጥፍር ጠርዝ ምታክል ስንጥቅ። ይቺ ናት ክር ምትላጭ። ከተሰበረ አሮጌ ዘንግ አውጥቼ ቀየርኩት። ውስጡ ሴራሚክ የሌለው የድሮ የብረት ቀለበት ካላችሁ ደሞ በጊዜ ብዛት ብሬዱ ቦይ ያወጣበታል፣ በጣት እየዳበሱ ማየት ነው።

አሁን ማጠንጠን። ብሬድ በቀጥታ ባዶ ስፑል ላይ ከተጠነጠነ አሳ ሲጎትት ጥቅሉ በሙሉ ብረቱ ላይ ይሽከረከራል፣ ድራጉ (አሳ ሲጎትት ክሩን እየገታ ሚለቀው የሪሉ ፍሬን) የተበላሸ ይመስላል፣ ብታጠብቀው ብታጠብቀው ክር ይለቃል። መፍትሔው ከስር ናይለን ማረግ ነው፣ ወይ አንድ ዙር ናስትሮ መለጠፍ። እኔ ናይለኑን ነው የመረጥኩት ምክንያቱም ብር ይቆጥባል፣ ከዳር ሆኜ ከ40 50 ሜትር በላይ አልወረውርም፣ ታዲያ 300 ሜትር ብሬድ ምን ያረግልኛል። ከስር አሮጌው ናይለን፣ ከላይ መቶ ምናምን ሜትር ብሬድ።

ናይለኑ ስንት ይሁን ለሚለው መገመት አያስፈልግም፣ ሌላ ሪልና አንድ ባዶ ጥቅል ካለ መጀመሪያ ብሬዱን ባዶው ስፑል ላይ ታጠነጥናለህ፣ ከላዩ ናይለኑን ቀጥለህ እስኪሞላ፣ ከዛ ሁሉንም ወደ ሌላው ሪል፣ ከሱ ወደ ባዶው ጥቅል ገልብጠህ፣ ከጥቅሉ ወደ መጀመሪያው ስፑል መልሰህ ማዞር ነው፣ ናይለኑ ከስር ብሬዱ ከላይ ሆኖ ልኩን ይመጣል። ሁለት ሰው ከሆናችሁ የቡና ሰዓት ሥራ ነው፣ ብቻህን ከሆንክ ክሩ የቤቱን እግር ሁሉ ያስራል።

ስፒኒንጉ ላይ ብጫው ባለ 8፣ 10 ፓውንድ ገባ። ለምን ይሄ? ስፒኒንግ ሪል ላይ ስፑሉ አይዞርም፣ ክሩ ራሱ በቀለበት በቀለበት እየሆነ ከጠርዙ ላይ ተፈቶ ይወጣል። ወፍራምና ድርቅ ያለ ክር ከሆነ ያ ቀለበት ዘንጉን እየመታ ይሄዳል፣ ርቀት ይበላል። ቀጭንና ለስላሳ ከሆነ ዝም ብሎ ይፈሳል። 10 ፓውንድ ብሬድ ውፍረቱ ከ2 ፓውንድ ናይለን ጋር ነው እኩል፣ አምስት ግራም ሉር ነፋስ ሳይነሳ ከሆነ ሩቅ ይሄዳል። ከጠርዙ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር አስቀርቼ ነው የሞላሁት፣ አፍ እስከ ገደፉ ከሞላ ብዙ ቀለበት ባንዴ ይወጣና ይተበተባል፣ ያኔ ውሉን መፈለግ ነው።

ቀለሙ ብጫ ነው፣ አሳው አያየውም ወይ ትሉኛላችሁ። ያየዋል፣ ግን ከፊቱ ያለው ሊደሩ ነው። ብጫውን ሚያስፈልገኝ እኔ ነኝ፣ ሉሩ እየወረደ እያለ ክሩ ድንገት ወደ ጎን ከሄደ አሳ ነው።

ካስቲንጉ ላይ 50 ፓውንድ ባለ 4 ፓወርፕሮ፣ 0.36። አሁን እዚህ ላይ ነው «ስንት ኪሎ» ሚለው ጥያቄ ገደል ሚገባው። 50 ፓውንድ ማለት 22 ኪሎ አልፎ ነው፣ ሪሌ እንኳን ይሄን ያህል ድራግ የለውም። ኪሎውን ፈልጌ አይደለም። ካስቲንግ ሪል ላይ ስፑሉ ነው ሚሽከረከረው፣ ቀጭን ብሬድ ካረግክ አሳ ወይ ድንጋይ ሲጎትት ላይኛው ክር በታችኛው ድርብ መሃል ጠልቆ ይነክሳል። ቀጥሎ ስትወረውር ስፑሉ ዞሮ ዞሮ እዛች ቦታ ላይ ሲደርስ ቀጥ! ሉሩ ክሩን በጥሶ ብቻውን ይሄዳል። ወፍራሙ ከላይ ይተኛል፣ አይሰምጥም። ከ30 ፓውንድ በታች ካስቲንግ ላይ ባታረጉ ይሻላል፣ 50 ለጀማሪ ይመቻል ምክንያቱም ስፑሉ ቀድሞ ክሩ ሲተበተብ ወፍራሙ በጥፍር ይፈታል፣ ቀጭኑን በመቀስ ነው።

ሲጠነጠን ደሞ ጠበቅ፣ በጣም ጠበቅ ተደርጎ። እርጥብ ጨርቅ ክሩ ላይ ይዤ ታናሽ ወንድሜ ጥቅሉን በእስክሪብቶ ይዞ እየገታ። ባዶ እጅ አይሆንም፣ ብሬድ ጣት ይቆርጣል። ስፑሉን በአውራ ጣት ስጫነው ጥቅሉ ድንጋይ ሆኗል፣ ሲጫኑት ረገብ ካለ ፈቶ እንደገና ነው።

መቁረጫ፦ ሹል መቀስ። በጥፍር መቁረጫ ብሬድ አይቆረጥም፣ ይታኘካል፣ ጫፉ ተበትኖ መንጠቆ ዓይን ውስጥ አልገባ ይላል።

ጥቅምት አጋማሽ፣ ጎርጎራ

መንገዱ ሰላም ነው ሲባል በአዘዞ በቆላ ድባ በጯሂት አርገን ወረድን፣ ከጎንደር 60 ምናምን ኪሎሜትር ነው። ውሃው ገና ሙሉ በሙሉ አልጠራም ግን የክረምቱ ቀይ ጭቃ ተቀምጧል።

ጠዋት ላይ ስፒኒንጉ። ክሩ ሲወጣ ድምፅ የለውም፣ ከናይለኑ ጋር ሲተያይ ሩቡን ያህል ጨምሮ ይሄዳል ብል አላጋነንኩም። አንድ ልማድ ግን መቀየር አለበት፦ ከወረወሩ በኋላ ሽቦዋን (ክሩን ወደ ስፑሉ ምትመልሰውን) እጀታውን በማዞር አትዝጉ፣ በእጅ ዝጉና ክሩን አንዴ ወጠር አርጉት፣ ከዛ አዙሩ። ብሬድ ስለማይለጠጥና ስለሚቀል የረገበችው አንዲት ቀለበት ስፑሉ ላይ ትገባለች፣ በሚቀጥለው ውርወራ አስር ቀለበት ይዛ ነው ምትወጣው። ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ይሄ ይብሳል፣ ክሩ በነፋስ እንደ ቅስት ይጎብጥና ረግቦ ይመለሳል፣ ያኔ ዘንጉን ወደ ውሃው ዝቅ አርጎ መጎተት ነው ወይ ከበድ ያለ ሉር።

ነጭ አሳ ያዘ፣ ብዙ ትልቅ አይደለም። አፉ ለስላሳ ስለሆነና ክሩ ስለማይለጠጥ ድራጉን አላልቼ ነው የጀመርኩት፣ ከክሩ አቅም ሩብ ያህል፣ እኔ ላይ አንድ ኪሎ ገደማ። በናይለን እንደለመድነው ዘንጉን ወደ ላይ ገጭ ማረግ አያስፈልግም፣ እንዲያውም አፉን ቀዶ ያወጣዋል፣ ወጠር አርጎ ማዞር ይበቃል።

እምቦጭ ያለበት ጥግ ላይ ካስቲንጉን ሞከርኩት። ይሄ አረም እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ አስቸግሮታል፣ ነፋስ ሲገፋው ቁርጥራጩ እኛ ያለንበትም ይመጣል። ሥሩ ውስጥ የገባን መንጠቆ በናይለን ስትጎትት ናይለኑ ይለጠጣል ይለጠጣል ከዛ ይበጠሳል። 50 ፓውንድ ብሬድ ግን አረሙን ቆርጦ ይወጣል፣ ትንሽ ሥር ይዞ ይመጣል እንጂ መንጠቆው አይቀርም። ደስ ሚለው ይሄ ነበር።

ድንጋዩ ላይ ግን ሌላ ነው። እርሳሱ (ክሩ ላይ ያለው ማስጠሚያ ብረት) ሁለት ድንጋይ መሃል ተቀርቅሮ ቀረ። ታንኳ ላይ የነበሩ አንድ አባት ቀረብ ብለው ክሩን በእጃቸው ሊይዙት ሲሉ፦

«አባቴ፣ ተዉት! እጅዎን ይቆርጠዋል።»

«ይሄ የስፌት ክር? በምኑ ይቆርጣል ልጄ።»

መዳፋቸው መረብ ሲጎትት የኖረ ነው፣ ቢሆንም አልፈቀድኩም። መቅዘፊያው እንጨት ላይ አምስት ስድስት ዙር ጠምጥመን ታንኳውን ወደ ኋላ ሲገፉት ክሩ እንጨቱ ላይ ቀጭን ቦይ ቀርጾ ገባ፣ ደረቅ እንጨት ላይ። አሳየኋቸው። በጣታቸው ቦዩን ዳሰሱና «ኧረ ጉድ፣ ይሄማ ቢላ ነው» አሉ። ሊደሩ ቋጠሮ ላይ ተበጠሰ፣ ብሬዱ ሙሉውን ተመለሰ። ካስቲንጉ ላይ ሊደሩ ከብሬዱ ደከም ያለ መሆኑ ሚጠቅመው ለዚህ ነው፣ ሲበጠስ ታች ይበጠሳል እንጂ 50 ሜትር ክር ሐይቁ ውስጥ አይቀርም። በዘንጉ ደሞ በጭራሽ እንዳትጎትቱ፣ ብሬድ ከመበጠሱ በፊት ዘንግ ይሰበራል።

እሳቸው ምን ያህል እንደሚያወጣ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ሳቁ። «ለቆሮሶ ነው ይሄ ሁሉ?» እውነታቸውን ነው፣ ለቆሮሶ (ለቲላፒያው) አያስፈልግም። ትል ሰክቶ ከዳር ለሚያጠምድ 0.25 ናይለን ይበቃል፣ መለጠጡም ይጠቅማል፣ ብራችሁን ያዙ። ብሬድ ሉር ለሚወረውር፣ አረም ውስጥ ለሚገባ፣ ወይ አምባዛ ለሚጠብቅ ነው።

ቁርጥራጩን ሁሉ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ከትቼ ነው ይዤ የተመለስኩት። ፖሊኢትሊን አይበሰብስም፣ የወፍ እግር ላይ ከተጠመጠመ አይፈታም፣ ዳርቻው ላይ ደሞ የተጣለ መረብ እንኳን ሳንጨምርበት በቂ ነው።

ኅዳር

ሁለቱም ክር አሁን ተገርተዋል። ብጫው ፊተኛው ሜትሮች ላይ ነጣ ብሏል፣ ጣቴም ብጫ ሆኖ ነበር፣ ፖሊኢትሊን ቀለም ወደ ውስጡ ስለማያስገባ ላዩ ላይ ነው ሚቀመጠው፣ መልቀቁ ክሩ ደከመ ማለት አይደለም። መድከሙን ሚነግርህ ፀጉር ማውጣቱ ነው። ጥፍር ላይ ስጎትተው ሻከር ያለው ቦታ ካለ እስከዛ ድረስ እቆርጣለሁ። ፊተኛው ሁለት ክንድ ያህል እንደዛ ሆኖ ሄዷል፣ ከሊደሩ ቋጠሮ አጠገብ ያለው።

ስፒኒንጉ ላይ ያለው ወደ ግማሽ ሲደርስ ልገለብጠው ነው፣ እስካሁን ስፑሉ ስር ተቀብሮ የቆየው ብርሃን ያላየው ጫፍ ወደ ፊት ይመጣል፣ የተሠራበት ከናይለኑ ጋር ይታሰራል፣ ያው እንደ አዲስ ነው። ካስቲንጉ ላይ ያለው ባለ 4 ግን ገና አልተነካም፣ ሻካራነቱም ለስለስ ብሎ ድምፁ ቀንሷል። ከጥቅሉ የተረፈውን ጓደኛዬ ለራሱ ካስቲንግ ጠይቆኛል፣ ያቺን የ20 ፓውንድ ቁራጭ ውለታ አልረሳም።